«ግዴታውን አልተወጣም» ማለት ምን ማለት ነው?

ቢኒ ዘፒያሳ፦
ትናንት ማታ ከሜክሲኮ ወደ ፒያሳ በታክሲ ስመጣ ሹፌሩ የከፈተው ኤፍኤም ላይ ስለ ጌም ይወራ ነበር። በአማርኛ ስለ ጌም ሲወራ መስማት ብርቅ ነውና ጆሮዬን ሰጠሁ። አቅራቢው ዴዝ ስትራንዲንግን አነሳና «ግራፊክሱ ያምራል፣ ግን የአክሽን ጌም ግዴታውን አልተወጣም፤ ሰውየው ዕቃ ተሸክሞ መሄድ ብቻ ነው፤ ከአስር አራት» አለ። ቀጠለና በከባድነቱ የታወቀውን ዳርክ ሶልስን ደግሞ «ጌም ሳይሆን ቅጣት ነው» ብሎ ዘጋው። ጥቁር አንበሳ ጋ የያዘኝ ንዴት ቤቴ ገብቼም አልለቀቀኝም። ግዴታ? ማን የጣለበት ግዴታ? እኛው ስም እንለጥፍበታለን፣ ከዚያ የለጠፍነውን ስም አልሆነም ብለን ነጥብ እንቀንስበታለን። ሽሮን ክትፎ አልሆንሽም ብሎ እንደመውቀስ ነው። ጌም የሚመዘነው ሊሠራ በተነሣው ነገር ነው። ያንን ካልሠራ ያኔ ውቀሰው፣ እኔም አብሬህ እወቅሰዋለሁ።

ዮኒ አምስት ጎል፦
ቢኒዬ፣ ሰውየው ምን አጠፋ? ዴዝ ስትራንዲንግን ከጓደኛዬ ተውሼ ሞክሬዋለሁ። ስሄድ፣ ስወድቅ፣ ስነሣ አመሸሁ፣ በቃ። ለኩሊነት ለኩሊነት መርካቶ አለ፣ እዚያ ቢያንስ ይከፈልሃል። ምሳሌህንም ልውሰደው፦ ሜኑው ላይ ክትፎ ተብሎ ተጽፎ ሽሮ ከመጣልኝ አስተናጋጁን እጠራለሁ። ሽሮው ቢጣፍጥም እጠራዋለሁ።

ሜሪ ካዛንቺስ፦
ሜኑው ላይ ክትፎ ብሎ የጻፈው ማን ነው ታዲያ? የጌሙ ሠሪ ሂዴዮ ኮጂማ ጌሙ እ.ኤ.አ. በ2019 ከመውጣቱ በፊት ጀምሮ አዲስ ዘውግ ነው፣ ስትራንድ ጌም በሉት ሲል ነበር። ሰውየው ሽሮ ነው ብሎ ነው ያቀረበው። የጃፓኑ የጌም መጽሔት ፋሚትሱ ከ40 አርባውንም ሰጠው፣ የጌም ድረ ገጹ አይጂኤን ከአስር 6.8 ሰጠው። ጌሙ ያው ነው፣ የተለያየው ገምጋሚው ይዞት የመጣው ሚዛን ነው።

ኪሩቤል፦
«አዲስ ዘውግ ነው» ማለት ጥሩ ማምለጫ ሆኗል። የፈለገውን ይሥራና «ዘውጉ የእኔ ስለሆነ በእኔ ሕግ መዝኑኝ» ይበል? እንደዚያ ከሆነ መጥፎ ጌም የሚባል ነገር አይኖርም። ግዴታ የሚለው ቃል ከከበዳችሁ ቃል ኪዳን በሉት። ዘውግ ለገዢው የሚገባ ቃል ነው። እዚህ ከተማ ኦሪጅናል ጌም የሚገዛ ሰው ውጭ ያለ ዘመድ ለምኖ፣ ጊፍት ካርድ አስልኮ ነው። ያ ሰው ምን እንደሚገዛ አስቀድሞ የማወቅ መብት አለው። የሬዲዮው ሰውዬ የተናገረው ለእሱ ነው።

ቢኒ ዘፒያሳ፦
ኪሩቤል፣ ለገዢው ማሰብህ ትክክል ነው። ለገዢው ግን ማለት የነበረበት «ይህ ጌም የመሄድ ጌም ነው፣ ተኩስ የምትፈልጉ አትግዙት» ነው። ይህ መረጃ ነው፣ አመሰግነው ነበር። እሱ ያለው «ግዴታውን አልተወጣም» ነው። ይህ ፍርድ ነው። ቃል ኪዳን ካልክም ቃል የገባውን ሰው አሳየኝ። ሠሪው አልገባም፣ ሽፋኑ ላይ ያለውም ሕፃን የያዘ ሰው ነው።

የአውቶቡስ ተራ ልጅ፦
እኔ ስለ ጌሙ ብዬ አልነበረም የገባሁት። ዮኒ፣ «ለኩሊነት መርካቶ አለ» ያልከው ላይ ነው ያለሁት። አባቴ ዕድሜውን በሙሉ አውቶቡስ ተራ ተሸካሚ ነበር። ምን ለማለት ፈልገህ ነው?

ዮኒ አምስት ጎል፦
ወንድሜ አባትህን አላውቃቸውም፣ ማንንም ልሰድብ አልፈለግኩም። ጌም ላይ ሸክም አያዝናናም ነው ያልኩት።

የአውቶቡስ ተራ ልጅ፦
ቃሉን ታነሣዋለህ ብዬ ነበር፣ እሺ። ግን ስማኝ። ያንን ጌም የአክስቴ ልጅ ቤት ነው ያየሁት። ሸክሙ ከትከሻህ በላይ ሲቆለል ሰውየው ወደ አንድ ጎን ያጋድላል፣ በሁለቱም ጠቋሚ ጣቶችህ የጆይስቲኩን ቁልፎች ይዘህ ማሰሪያውን ካላጠበቅክ ይወድቃል። ቁልቁለት ላይ ከሮጥክ ይወድቃል። ወንዝ ስትሻገር ጥልቀቱን ሳታይ ከገባህ ዕቃህን ውኃ ይወስደዋል። አባቴ ከአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ጆንያ ሲያወርድ መጀመሪያ የሚያየው መሬቱን ነበር፣ ጆንያውን አልነበረም። ጭቃው የት እንዳለ፣ ድንጋዩ የት እንዳለ። ልጅ ሆኜ ለምን ቶሎ አይሄድም ብዬ አፍርበት ነበር። ያን ቀን ጆይስቲኩን ይዤ ሦስት ጊዜ ከወደቅኩ በኋላ መሬቱን ማየት ጀመርኩ፣ እሱም ትዝ አለኝ። ሰው ተኩሼ ይህን አላገኝም ነበር።

ሜሪ ካዛንቺስ፦
በጭራሽ አታገኘውም። ሌላ ተጫዋች የተከለው መሰላል ወይም ድልድይ አንተ ዓለም ውስጥ ሲገኝ ያለውንስ ስሜት? የማታውቀው ሰው ቀድሞህ አልፎ መንገድ ሠርቶልሃል። በእርግጥ ኔትዎርክ ሲኖር ነው።

ዮኒ አምስት ጎል፦
ያባቱን ነገር አከብራለሁ። ግን ስሜት ሰጠህ ማለት ጥሩ ጌም ነው ማለት አይደለም። እና ስለ ዳርክ ሶልስ ማንም ምንም አላለም። ቅጣት ነው ወይስ አይደለም?

የአራት ኪሎው ጌም ቤት፦
ልጆቼ፣ እኔ ትልቅ ሰው ነኝ፣ ይህን ሁሉ ስም አላውቅም። ነገር ግን ጌም ቤቱ የእኔ ስለሆነ አንድ ነገር ልበል። ልጆቹ ፊፋ ሲጫወቱ አንዱ ቢሸነፍም ሌላው ያሸንፋል፣ ቤቱ ይሞቃል። ባለፈው ሳምንት አንዱ የሰፈር ልጅ ያንን ዳርክ ሶልስ የሚባለውን ጫኑልኝ አለኝ። የአንድ ሰዓት ከፈለ። መጀመሪያ ላይ የሚመጣ አንድ ትልቅ ወፍራም ጭራቅ አለ፣ መዶሻ የያዘ። ልጁ ሰዓቱን በሙሉ እሱ ላይ ጨረሰ። ይገጥመዋል፣ ይሞታል፣ ይገጥመዋል፣ ይሞታል። እንባው ዓይኑ ላይ ሞልቶ ነው የወጣው። ያ ገንዘብ የምሳው ሊሆን ይችላል። ለእኔ ያ ልጅ ተቀጥቷል።

ቢኒ ዘፒያሳ፦
ጋሼ፣ ይህን ስላነሡልን አመሰግናለሁ፣ ምክንያቱም የክርክሩ ልብ እዚህ ጋ ነው። ያንን ጭራቅ ደህና አድርጌ አውቀዋለሁ። መጀመሪያ ሲያገኙት በእጅዎ ያለው የተሰበረ ሰይፍ እጀታ ነው። በዚያ እንዲገድሉት አልታሰበም። ወለሉ ላይ ሽሽ የሚል ጽሑፍ አለ፤ በግራ በኩል ደግሞ ክፍት በር አለ። በዚያ በር ሲያመልጡ እውነተኛ መሣሪያና ቁስል የሚፈውስ ጠርሙስ ያገኛሉ። ከዚያ በላይኛው በኩል ዞረው ይመጡና ከሰገነቱ ላይ ዘለው ጭንቅላቱ ላይ ያርፋሉ፣ በአንድ ምት ትልቅ ክፍል ይጎድለዋል። የጌሙ የመጀመሪያ ትምህርት «ዙሪያህን እይ» ነው። ልጁ ግን ሌሎች ጌሞች ሁሉ «ቦስ (ዋና ጠላት) ከመጣ ግጠመው» ብለው ስላስተማሩት በሩን አላየውም። የቀጣው ያ ልማድ ነው። የሬዲዮው ሰውዬም በዚያው ልማድ ነው ጌሙን የሚዳኘው።

ኪሩቤል፦
ቆንጆ ተናገርክ። ግን ልጁ ከፍሏል። «በሩን ማየት ነበረበት» ማለት አስተማሪ ፈተና አውጥቶ ክፍሉ በሙሉ ሲወድቅ ተማሪዎቹን መውቀስ ነው።

ሜሪ ካዛንቺስ፦
ክፍሉ በሙሉ አልወደቀም እኮ። ቁጥር ልንገርህ። የዳርክ ሶልስ ታላቅ ወንድም ዲመንስ ሶልስ እ.ኤ.አ. በ2009 ሊወጣ ሲል የሶኒ ጌም ስቱዲዮዎች ኃላፊ የነበረው ሹሄይ ዮሺዳ ሁለት ሰዓት ያህል ሞክሮት ገና መጀመሪያው ላይ ስለነበር የማይረባ ጌም ነው ብሎ ተወው። ይህን ራሱ ነው በኋላ የተናገረው። ሶኒ ከእስያ ውጭ ላሳትመው አላለም፣ ለሰሜን አሜሪካ ያሳተመው አትለስ የሚባል ሌላ ኩባንያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የሶኒ ጌም ማጫወቻ ፒኤስ 5 ለገበያ ሲቀርብ ያው ዲመንስ ሶልስ እንደገና ተሠርቶ ከኮንሶሉ ጋር አብሮ ወጣ። ዲመንስ ሶልስን መጀመሪያ ከሠራው ቤት የወጣው ኤልደን ሪንግ ዓመት ሳይሞላው 20 ሚሊዮን ተሸጠ። ሁለት ሰዓት ተጫውቶ መፍረድ ሶኒን ምን እንዳሳጣው ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም።

ዮኒ አምስት ጎል፦
በሽያጭ ከሆነማ ፊፋ ሁሉንም ይበልጣል፣ ክርክሩ አለቀ።

ሜሪ ካዛንቺስ፦
በሽያጭ አላልኩም፣ ዮኒ። ያልተሸጠም አለ። ጎድ ሃንድ እ.ኤ.አ. በ2006 ሲወጣ አይጂኤን ከአስር ሦስት ሰጠው። ያ ጌም ጎበዝ በሆንክ ቁጥር ጠላቶቹን ያጠነክርብሃል፣ ደረጃው ስክሪኑ ላይ ይታያል፣ የመጨረሻው ደረጃ ስሙ «ሙት» ነው። ገምጋሚው ተራ የቡጢ ጌም ጠብቆ ገባ፣ የጠበቀውን ሲያጣ ሦስት ጻፈ። ዛሬ የቡጢ ጌም የሚወዱ ሰዎች እንደ ዕንቁ ነው የሚያዩት።

ትዕግስት ስድስት ኪሎ፦
ሁላችሁም ከባድነትን እንደ ክብር ስታወሩ ዝም ብዬ አነበብኩ። የቀኝ እጄ ሁለት ጣቶች አይታጠፉም። ሴኪሮ የሚባለውን የሰይፍ ጌም ገዝቼ የመጀመሪያዎቹን ቦሶች እንኳ ማለፍ አልቻልኩም፤ የማቅለያ ምርጫ የለውም፣ ኃይል አጠራቅመህ የምታልፍበትም መንገድ የለም፣ በትክክለኛው ቅጽበት ሰይፉን መመከት ብቻ ነው። ተራራ የመውጣት ጌሙ ሴለስትም ከባድ ነው፣ ግን ፍጥነቱን ዝቅ የምታደርጊበት ምርጫ ሰጠኝና ተራራው ጫፍ ደረስኩ። ሌላው የተጫወተው አልተበላሸበትም። ስለዚህ ቢኒ፣ «ሊሠራ በተነሣው ነገር መዝኑት» ስትል እኔ እዚያ ውስጥ የት ነኝ?

ቢኒ ዘፒያሳ፦
ትዕግስት፣ ይህን አላሰብኩበትም ነበር፣ እውነቴን ነው። ሴለስትን እኔም እወደዋለሁ። ፓቶሎጂክ 2 ም በረሃብና በወረርሽኝ የሚያስጨንቅ ጌም ሆኖ ከወጣ በኋላ ማቅለያ ጨምሯል፣ ሠሪዎቹ «ባሰብነው ክብደት እንድትጫወቱት እንመክራለን» ብለው ምርጫውን ለተጫዋቹ ትተዋል። ይህ ያስማማኛል። ሴኪሮ ግን... ሴኪሮ ሰይፍ ከሰይፍ ሲገጥም የሚሰማው ያ ድምፅ ነው፣ እሱን ብታቀልለው ምን እንደሚቀር አላውቅም።

ትዕግስት ስድስት ኪሎ፦
እኔ እቀራለሁ። ያ አይበቃም?

ኪሩቤል፦
አያችሁ? «ግዴታ የለበትም» የሚለው ነገር እዚህ ያደርሳል። ሠሪው ለማንም ግዴታ ከሌለበት ለትዕግስትም የለበትም።

ሜሪ ካዛንቺስ፦
አታደባልቅ እንጂ ኪሩቤል! ለዘውግ ግዴታ የለበትም ማለት ለሰው ግዴታ የለበትም ማለት አይደለም። የሬዲዮው ሰውዬ ስለ ትዕግስት ጣቶች አንድ ቃል አልተናገረም። እሱ ያለው «ተኩሱ አነሰኝ» ነው።

ኪሩቤል፦
ያለውን እኔም ሰምቻለሁ፣ እንደዚያ አላለም። «ግዴታውን አልተወጣም» ነው ያለው።

ቢኒ ዘፒያሳ፦
እኮ! ግዴታ!

የአውቶቡስ ተራ ልጅ፦
ዮኒ፣ ኩሊ ያልካትን ግን አሁንም አላነሣሃትም።

ዮኒ አምስት ጎል፦
አንሥቻለሁ እኮ ወንድሜ፣ ከላይ አንብበው። ይቅርታ ካልክም ይቅርታ። ስለ ጌሙ ያልኩትን ግን አላነሣም።

የአራት ኪሎው ጌም ቤት፦
ልጆቼ፣ ስትጨቃጨቁ ልጁ መጣ። ፊፋ አይደለም የጠየቀኝ፣ ያንኑ ጭራቅ ነው። አሁን ከኋላው ቆሜያለሁ፣ ሁለቴ ሞቷል። በግራ በኩል በር አለ ያላችሁትን አየሁት፣ እውነትም ክፍት ነው። ልንገረው ወይስ ልተወው?

ቢኒ ዘፒያሳ፦
ጋሼ በእግዚአብሔር አይንገሩት! ራሱ ያግኘው።

ትዕግስት ስድስት ኪሎ፦
ይንገሩት እንጂ! ሰዓቱ እየሄደበት ነው።

ኪሩቤል፦
ይንገሩት። ከፍሏል።

ሜሪ ካዛንቺስ፦
አሥር ደቂቃ ይጠብቁት፣ እርስዎ ይጨምሩለት፣ ያኔ ካላየው ይንገሩት።

የአራት ኪሎው ጌም ቤት፦
አሥሩን ደቂቃ ጨምሬለታለሁ። ሦስተኛም ሞተ። አሁን ግን ቆሞ ወለሉ ላይ ያለውን እያነበበ ነው።