ፍሪቢኤስዲ፦ የሩትን ሼል ወደ ባሽ ከቀየርኩ በኋላ ሩት አላስገባ አለ

ጥያቄ
ኮምፒውተሬ ላይ ያለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፍሪቢኤስዲ 13 ነው። የሩት (የዋናው አስተዳዳሪ አካውንት) ሼል፣ ማለትም ትእዛዝ የሚቀበለው ፕሮግራም፣ ሲኤስኤች ነበር። በሊኑክስ ልማድ ቪአይፒደብሊው (የአካውንቶችን ፋይል ማረሚያ) ከፍቼ የሩት መስመር መጨረሻ ላይ ባሽ የሚባለውን ሼል /ቢን/ባሽ ብዬ ጻፍኩ። «ያልታወቀ የሩት ሼል» ብሎ አስጠነቀቀና መዘገበው። አሁን ኤስዩ (ወደ ሩት መቀየሪያ ትእዛዝ) ስል የይለፍ ቃሉን ተቀብሎ «/ቢን/ባሽ፦ ፋይሉ የለም» ይላል። የራሴ አካውንት ይሠራል፣ ዊል ግሩፕ (ወደ ሩት መቀየር የተፈቀደላቸው) ውስጥም አለሁ፣ ሱዱ (በሩት ሥልጣን ትእዛዝ ማስኬጃ) ግን አልጫንኩም። ሲስተሙን እንደገና ሳልጭነው ይስተካከላል?

መልስ 1
ይስተካከላል ወንድሜ፣ አይዞህ። ባሽ ከፍሪቢኤስዲ ጋር አይመጣም፤ በፓኬጅ ሲጫን የሚቀመጠው /ዩኤስአር/ሎካል/ቢን/ባሽ ላይ ነው። በሩት የተከፈተ መስኮት ካለህ እንዳትዘጋው፤ እዚያው
ፒደብሊው ዩዘርሞድ ሩት -ኤስ /ቢን/ሲኤስኤች
በል፣ አለቀ። ከሌለህ «ኤስዩ -ኤም» ሞክር፤ የሩትን ሼል ትቶ የራስህን ይከፍትልሃል።

መልስ 2
«ኤስዩ -ኤም» እዚህ ቦታ አይሠራም። የሩት ሼል /ኢቲሲ/ሼልስ (የታወቁ ሼሎች ዝርዝር) ውስጥ ካልተመዘገበ ኤስዩ ለደህንነት ሲል ይከለክላል፣ /ቢን/ባሽ ደግሞ እዚያ የለም። የሚጠቅመው ሼሉ ተመዝግቦ ግን አልነሳ ሲል ነው።

ማሽኑን አስነሳና በቡት ሜኑው ላይ 2ን ተጫን፤ ሲንግል ዩዘር (ለጥገና የሚሆን አነሳስ) ይገባል። የትኛውን ሼል እንደምትፈልግ ሲጠይቅ ዝም ብለህ ኢንተር በል፤ ለሩት የተጻፈውን ሼል አያይም፣ /ቢን/ኤስኤችን ይከፍታል። ከዚያ በተራ፦
ማውንት -ዩደብሊው /
ማውንት -ኤ
የዲስኩ ፋይል ሲስተም ዜድኤፍኤስ ከሆነ «ዜድኤፍኤስ ማውንት -ኤ» ጨምርበት። ይህን ከዘለልክ ዲስኩ ለንባብ ብቻ እንደተከፈተ ስለሚቆይ ለውጡ አይመዘገብም። በመጨረሻ ከላይ ያለውን የፒደብሊው ትእዛዝ ስጥና ሪቡት አድርግ። /ኢቲሲ/ፓስዋድን በእጅ አትነካካ፤ ከዋናው የአካውንቶች ፋይል ከማስተር.ፓስዋድ የሚወጣ ቅጂ ስለሆነ ምንም አይለውጥም።

ጠያቂው
ገባሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ትክክለኛውን የባሽ አድራሻ ልስጠው?

መልስ 3
ለሩት ባታደርገው ይሻላል። ባሽ /ዩኤስአር/ሎካል ውስጥ ባሉ ላይብረሪዎች (ፕሮግራሞች የሚጋሯቸው የኮድ ፋይሎች) ላይ የተንጠለጠለ ነው። ሲስተሙን ወይም ፓኬጆቹን ስታሻሽል አንዷ ላይብረሪ ከጠፋች ባሽ አይነሳም፣ ሩትም አብሮ ይቆለፋል። /ቢን/ኤስኤችና ሲኤስኤች ግን ከሲስተሙ ጋር አብረው ይሻሻላሉ። ከ14.0 ጀምሮ የሩት ሼል ራሱ ኤስኤች ሆኗል።

በሩት ገብተህ «ባሽ» ብትል ይበቃሃል። የግድ ከመግቢያው ይሁን ካልክ ቱር የሚባለው አካውንት ለዚሁ የተዘጋጀ ነው፤ የተጠቃሚ ቁጥሩ እንደ ሩት 0 ነው፣ የይለፍ ቃል እስክትሰጠው ዝግ ነው። «ፓስዋድ ቱር» ብለህ ጠንካራ ቃል ስጠው፣ ቀጥሎ
ፒደብሊው ዩዘርሞድ ቱር -ኤስ /ዩኤስአር/ሎካል/ቢን/ባሽ
በል። የመጀመሪያውን መስኮት ሳትዘጋ በሁለተኛ መስኮት «ኤስዩ - ቱር» ብለህ መግባቱን አረጋግጥ።