አስቸኳይ! አንድ ጂን ላይ የመክፈቻም የመዝጊያም ምልክት እንዴት ይኖራል?

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን)፦ እባካችሁ ቶሎ ድረሱልኝ። ነገ ጠዋት አቀርባለሁ፣ ሥዕሉ ግን እርስ በርሱ ተጋጨብኝ። ዲኤንኤ ከሚጠመጠምባቸው ፕሮቲኖች (ሂስቶኖች) አንዱ ኤች3 ነው፤ ኬ4 እና ኬ27 እሱ ላይ ያሉ ቦታዎች ናቸው። ኤች3ኬ4 ላይ ሜቲል የሚባል ትንሽ ኬሚካላዊ ምልክት ሲለጠፍ ጂኑ ይከፈታል፣ ኤች3ኬ27 ላይ ሲለጠፍ ይዘጋል ብዬ ጽፌያለሁ። ሥዕሉ ላይ ሁለቱም አንድ ጂን ላይ ናቸው! አማካሪዬ «አስተካክለሽ ነይ» ብለውኛል። የቱን ልሰርዝ? መብራት ሳይጠፋ በሉልኝ።

የመንዝ ልጅ፦ እህቴ፣ ከመሠረቱ እንጀምር። የቆዳሽም የነርቭሽም ሴል ዲኤንኤ ያው ነው። የሚለየው የትኛው ጂን ይነበባል የሚለው ነው። ይህን ከሚወስኑት ዋነኞቹ ትራንስክሪፕሽን ፋክተሮች፣ ማለትም ዲኤንኤ ላይ ተጣብቀው የጂንን መነበብ የሚቆጣጠሩ ፕሮቲኖች ናቸው። ታካሃሺና ያማናካ በ2006 ኦክት4፣ ሶክስ2፣ ኬኤልኤፍ4 እና ሲ-ሚክ የሚባሉ አራት ፋክተሮችን አስገብተው የአይጥ ፋይብሮብላስትን (የተያያዥ ሕብረ ሕዋስ ሴልን) ስቴም ሴል (ገና ሌላ ዓይነት ሴል መሆን የሚችል ሴል) መሰል አደረጉት። ያማናካ በ2012 ኖቤል አገኙበት። ይህን ሳትይዢ ወደ ሂስቶን አትግቢ።

ጠያቂ፦ እሱ አለኝ ወንድሜ። የቸገረኝ ሥዕሉ ነው።

ሸዋ ሮቢት፦ ኬ27ን አውጪውና ተገላገይ።

አንኮበር፦ ኧረ ምንም እንዳትሰርዢ! ሥዕሉ ትክክል ነው፣ ያላለቀው ማብራሪያሽ ነው። ሁለቱም ምልክቶች አንድ ጂን ላይ ሲኖሩ ባይቫለንት ይባላል። በርንስታይንና ባልደረቦቹ በ2006 በአይጥ ፅንስ ስቴም ሴል አሳይተውታል። ብዙዎቹ ሴሉ ወደፊት ምን እንደሚሆን የሚወስኑ ጂኖች ናቸው። አሁን እምብዛም አይነበቡም፣ ግን ለመነሳት ዝግጁ ናቸው። ሴሉ ወደ ነርቭ ሲያመራ የነርቭ ጂኖቹ ላይ ኬ27 ይነሳና ኬ4 ይቀራል። ሌሎቹ ላይ ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ይሆናል። አማካሪሽም የፈለጉት ይህን ይመስለኛል።

ሸዋ ሮቢት፦ እኔ አሁንም ኬ27ን አውጪው ነው የምለው። ሰዓት የለሽም።

ደብረ ሲና፦ በዚያ ብርድ እንቅልፍም አይወስድሽ፣ ጋቢሽን ደርበሽ ሥሪ! አንድ ነገር ግን ልብ በይ። አንድ ኑክሊዮሶም (ዲኤንኤ የተጠመጠመበት የሂስቶን ጥቅል) ውስጥ ኤች3 ሁለት ነው፣ እያንዳንዱም ወደ ውጭ የወጣ ጭራ አለው። ኬ4ን በአንዱ ጭራ፣ ኬ27ን በሌላው ሣዪ። ደግሞ ኬ27 ላይ በሜቲል ፋንታ አሴቲል የሚባል ሌላ ምልክት ከተለጠፈ የንቁ ጂን ምልክት ነው። አሴቲልና ሜቲል አንዱ ላይሲን («ኬ» የሚወክለው አሚኖ አሲድ) ላይ አብረው አይቀመጡም። ሥዕሉ «ኤሲ» (አሴቲል) ነው ወይስ «ኤምኢ3» (ሦስት ሜቲል) የሚለው?

ጠያቂ፦ ኤምኢ3! በሁለት ጭራ እየሣልኩት ነው። ኢዜድኤች2 የሚለውንስ የት ላድርገው?

አንኮበር፦ ኬ27 ጋ። ሜቲሉን የሚለጥፈው ኤንዛይም እሱ ነው፣ ፒአርሲ2 የሚባል ጂን የሚዘጋ የፕሮቲን ስብስብ አካል ነው። ኬ4 ጋ እዚያ ሜቲል የሚለጥፈውን ኤምኤልኤልን ጻፊ።