ረቂቅ ቁጥር 2፦ የአባት ዝርያና የግልገል ጾታ በልደት ክብደት ላይ ስላላቸው ድርሻ (የአሳማ አርቢዎች ማኅበር አባላት የዕቅድ ውይይት)

የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ሰኞ ጠዋት

ረቂቁ ከደረሳችሁ ሦስት ቀን ሆኖታል፤ ለድጋፍ ሰጪው የምናስገባው ደግሞ ዓርብ ነው። የተነሣንበት ጉዳይ ባለፈው ክረምት በየበረታችን የሞቱት ግልገሎች ለምን ኮስማና ሆነው እንደ ተወለዱ ማወቅ ነው። የአሳማ እርግዝና 114 ቀን ገደማ ይፈጃል፤ የግልገሉ የጡንቻ ክር ብዛት ግን 90ኛው ቀን አካባቢ ተወስኖ ያበቃል። ስለዚህ በማህፀን ሳለ የተጎዳ ግልገል ከተወለደ በኋላ የቱንም ያህል ቢቀለብ ከወንድሞቹ እኩል ሥጋ ለመያዝ ይቸገራል። ከእያንዳንዱ በረት የምንፈልገው አራት ነገር ብቻ ነው፦ የእናቱ ዝርያ፣ የአባቱ ዝርያ፣ የግልገሉ ጾታ፣ እንዲሁም እንገር ሳይጠባ የተመዘነ ክብደቱ። አስተያየት ያለው እስከ ረቡዕ ማታ ይጻፍ።

አባል፣ ቢሾፍቱ

ገጽ 2 ላይ «በአባላት እጅ የሚገኙት አሳማዎች በአብዛኛው ድቅል ናቸው» የሚል ዐረፍተ ነገር አለ። ይውጣልኝ። የእኔ ኮርማዎች ላርጅ ዋይት የሚባለው ነጭ ዝርያ ናቸው፤ ሰውም የሚገዛኝ ላርጅ ዋይት ብሎ ነው። የማኅበሩ ማኅተም ባረፈበት ወረቀት ላይ ድቅል ተብሎ ከተጻፈ ነገ ገዢ ወረቀቱን ይዞ መጥቶ ዋጋ ይሰብርብኛል። የቀረውን ረቂቅ አልተቃወምኩም።

የእንስሳት ሐኪሙ

ዐረፍተ ነገሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የጻፍኩትም ዝርያ የጥናቱ መሠረት ስለ ሆነ ነው። የቻይናው ሜይሻንና የእንግሊዙ ዮርክሻየር የተባሉት የአሳማ ዝርያዎች ተነጻጽረው የታየውን ላስታውሳችሁ። የዮርክሻየር ፅንስ በእርግዝናው የመጨረሻ ሳምንታት የእንግዴ ልጁን ስፋት እያሳደገ ተጨማሪ ምግብ ይስባል፤ የሜይሻን ፅንስ ግን ስፋቱን ብዙም ሳይጨምር በእንግዴ ልጁ ውስጥ ያሉትን የደም ሥሮች ያበዛል። ሜይሻኖች በአንድ ማህፀን በርከት ብለው ሳይጨናነቁ ለመቆየት የሚችሉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ማህፀኑ የእናቲቱ ቢሆንም እንግዴ ልጁ የሚበቅለው ከፅንሱ ስለ ሆነ የአባትየውም ውርስ አለበት። በስፔን በአይቤሪያን አሳማዎች ላይ የተሠሩት ጥናቶችም የፅንሱ የዘር ውርስና ጾታ በአካል እድገቱ፣ በስብና በስኳር አጠቃቀሙ ላይ ለውጥ ማምጣት የሚጀምሩት ገና ሳይወለድ መሆኑን አሳይተዋል። የአባቱን ዝርያ በይሆናል ከሞላነው ግን ከዚህ ሁሉ አንዱንም ማየት አንችልም።

አባል፣ ሰበታ

ሐኪሙ እውነቱን ነው። እኔ ከቢሾፍቱው ወንድማችን «ንጹህ ላርጅ ዋይት ነው» ተብዬ የገዛሁት ኮርማ ከነጭ እናት ዘጠኝ ግልገል ወልዶልኝ ሦስቱ ጥቁር ነጠብጣብ አለባቸው። ዐረፍተ ነገሩ ይቆይ።

አባል፣ ቢሾፍቱ

ስድስት ዓመት በዚህ ሥራ ስኖር ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ኮርማውን ከወሰድክ ስምንት ወር ሆኖሃል፤ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልክ? ማኅበሩ ስሜን በዚህ መልክ የሚያነሣ ከሆነ 24 እናት አሳማዎቼን ከጥናቱ አስወጣለሁ፣ መዋጮዬንም አልከፍልም። ያለ እኔ በረት ስንት ወላድ እንደሚቀራችሁ ቁጠሩ።

ገንዘብ ያዥ

ተቆጥሯል፤ ከግማሽ በታች ይቀረናል። ሁለታችሁም ቃላችሁን መጥኑ። በዚሁ አጋጣሚ በረቂቁ ውስጥ ለሁለት ዲጂታል ሚዛን፣ ለጆሮ ምልክት መቁረጫና ለወላዶች ተጨማሪ መኖ እንጂ ለሌላ ነገር የተያዘ ገንዘብ አለመኖሩን ላሳስብ።

አባል፣ ሆለታ

ሚዛኑን እኔ መርካቶ ወርጄ እገዛለሁ። ሌሊት የሚወልዱትንም ቢሆን በሞተር ሳይክሌ እየዞርኩ እመዝናለሁ። ዋጋውን ነገ አሳውቃለሁ።

የእንስሳት ሐኪሙ

የሰበታው አባል ጥቁሩ ጸጉሩ ነው ወይስ ቆዳው ብቻ? የላርጅ ዋይት ነጭነት በውርስ የሚያይል ነው። ነጭነትን ከእናቱም ከአባቱም የወረሰ ኮርማ ከየትኛዋም እናት ቢወልድ የግልገሎቹ ጸጉር ነጭ ይሆናል። ከነጭ ጸጉር ሥር ቆዳ ላይ የሚታይ ሰማያዊ የመሰለ ጥላ ግን እናቲቱ የጥቁር ዘር ካላት ንጹህ ኮርማ ባስወለደውም ግልገል ላይ ሊወጣ ይችላል። ይህ ሳይለይ በማንም ላይ አይፈረድ።

አባል፣ ሰበታ፣ ማክሰኞ ጠዋት

አሁን አንድ በአንድ እያቀፍኩ ፀሐይ ላይ አየኋቸው። የሁለቱ ጸጉር ነጭ ነው፤ የጠቆረው ቆዳቸው ብቻ ነው። የሦስተኛው ግን በቀኝ ታፋው ላይ መዳፍ የምታህል ቦታ ጸጉሩ ራሱ ጥቁር ነው፤ በጣቴ ገልጬ ሳየውም ሥሩ ድረስ ጥቁር ነው።

አባል፣ ቢሾፍቱ

እንግዲህ ከሦስት ወደ አንድ ወርዷል። እናቲቱ ኮርማ ስትፈልግ የነበረችበት በረት አጥር የተሟላ ነበር? የጎረቤትህ ኮርማ ጥቁር እንደ ሆነ እኔም አውቃለሁ፣ አንተም ታውቃለህ።

የእንስሳት ሐኪሙ

የማይሆን ነገር አይደለም። እናት አሳማ በአንድ ፍላጎት ወቅት ሁለት ኮርማ ካገኛት የሁለቱንም ልጆች በአንድ ማህፀን ልትይዝ ትችላለች። እንዲያውም ለጥናታችን የሚበጀው ይህ ነው፤ የሁለት ዝርያ ኮርማዎችን የዘር ፈሳሽ ቀላቅለን በሰው ሠራሽ ዘዴ ብናዳቅል በአንዲት እናት ሆድ፣ በአንድ መኖ፣ በአንድ ሙቀት ያደጉ ሁለት ዓይነት ግልገሎችን ማነጻጸር እንችላለን። የእናት ልዩነት ይወገድልናል። ማን የማን ልጅ እንደ ሆነ ለመለየት ግን የዘረመል ምርመራ የግድ ይሆናል።

አባል፣ ዱከም

ሁለት ቀን ሙሉ ስለ አንድ ቃል ስትጽፉ ስለ ግልገሎቹ የጻፈ አላየሁም። ደብተሬ ላይ ያለውን ልንገራችሁ። የጥር ወላዴ 12 ወለደች፤ ሰባቱ ወንድ፣ አምስቱ ሴት። ሁሉንም በስኳር ሚዛን መዘንኳቸው። ከወንዶቹ ትልቁ 1 ኪሎ ከ700 ግራም መጣ፤ ከሴቶቹ ትልቋ 1 ኪሎ ከ500 አልሞላችም። በሦስተኛው ቀን አራት ሞቱብኝ፣ ከአራቱ ሦስቱ ወንድ ናቸው። ከሞቱት ወንዶች አንዱ 1 ኪሎ ከ400 ነበር፤ ኮስማና አልነበረም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከእናቱ ተለይቶ ግድግዳ ሥር ተኝቶ አገኘሁት፤ ጆሮው በረዶ ሆኖ ነበር፣ ጣቴን አፉ ውስጥ ሳስገባም ምላሱ ቀዝቅዞ አልጠባኝም። ጭድ ውስጥ ብከተውም አልተረፈም። ከእሱ በ500 ግራም የምታንሰው እኅቱ ግን ጡት ይዛ አደረች፣ ዛሬም አለች። እኔ በዚህ ማኅበር ውስጥ መልስ የምፈልገው ለዚህ ነው።

የእንስሳት ሐኪሙ

የጻፍሽው በሌሎች አገሮች በብዙ ወላዶች ላይ ከታየው ጋር ይገጥማል፤ ወንዶቹ በአማካይ ከብደው ይወለዳሉ፣ ጡት ሳይጥሉ የሚሞቱት ግን እነሱ ይበዛሉ። ማህፀን ውስጥ ለማደግ መፍጠንና ከማህፀን ወጥቶ ለመኖር መዘጋጀት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የአሳማ ግልገል ሲወለድ በሰውነቱ ያለው ስብ ከመቶ 1 ወይም 2 እጅ ብቻ ነው። የበግ ግልገልን የሚያሞቀው ቡናማ ስብም የለውም፤ የአሳማ ዘር ለዚያ ሥራ የሚያገለግለውን ዘረመል ካጣ 20 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖታል። ያለው ስንቅ በጉበቱና በጡንቻው የተከማቸው ስኳር ነው፤ እሱም እንገር ካላገኘ በሰዓታት ያልቃል። በዚያ ላይ የእናቲቱ በሽታ ተከላካይ በእንግዴ ልጁ አያልፍም፤ የሚያገኘው ከእንገር ብቻ ነው፣ አንጀቱም ከአንድ ቀን ገደማ በኋላ ተከላካዩን ወደ ደሙ ማሳለፍ ያቆማል። ስለዚህ የጾታው ዐምድ ከክብደቱ እኩል አስፈላጊ ነው፤ ሲመዘን የሰውነቱ ሙቀትም አብሮ ቢለካ ደግሞ ይበልጥ ይጠቅመናል።

የማኅበሩ ጸሐፊ

የሙቀት መለኪያውን አስገባለሁ። ስለ ቃሉም መካከለኛ መንገድ ላቅርብ፦ «ድቅል» የሚለው ወጥቶ «የዘር ሐረጋቸው በመዝገብ ያልተረጋገጠ» ይባል።

አባል፣ ቢሾፍቱ

ይህ ከቀድሞው የባሰ ነው። ያልተረጋገጠ ማለት በገበያ ላይ ውሸታም ማለት ነው። «ነጭ አሳማዎች» ተብሎ ይጻፍ።

የእንስሳት ሐኪሙ

ላንድሬስ የሚባለው ዝርያም ነጭ ነው፤ የሁለቱ ቅልቅልም ነጭ ነው። በቀለም ዝርያ አይጻፍም።

አባል፣ ሰበታ

እሱ ያለው ቃል ካልተጻፈ ማኅበሩ ሊፈርስ ነው ማለት ነው? እኔም መዋጮ ከፋይ ነኝ።

ገንዘብ ያዥ፣ ረቡዕ

የሆለታው አባል የሚዛኑን ዋጋ ትናንት ሊያሳውቀን ነበር። ሁለት ጊዜ ደወልኩ፤ አልተነሣም። ዋጋው ካልታወቀ የበጀቱን ሠንጠረዥ መዝጋት አልችልም።

አባል፣ ቢሾፍቱ

ሌሊቱን ሳስብበት አደርኩ። የሰበታው ወንድሜ፣ አጥርህን ያነሣሁት ተናድጄ ነው፤ ያን ግልገል መጥቼ በዓይኔ አየዋለሁ። ኮርማው ችግር ካለበት እለውጥልሃለሁ። ለማኅበሩ ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ቃሉ እንዲቆይ ከተፈለገ የኮርማዎቻችን የዘረመል ምርመራ በዚሁ ዕቅድ ውስጥ ይካተትና እውነቱ በወረቀት ይውጣ። ንጹህ ሆኖ ከተገኘ ንጹህ ይባል፤ ካልሆነም ዋጋዬን ራሴ አስተካክላለሁ። ያኔ 24ቱም እናቶች ይገባሉ።

አባል፣ ሰበታ

በዚህ እስማማለሁ። እሑድ ና፤ ግልገሉን አልሸጠውም።

የእንስሳት ሐኪሙ

ሐሳቡን እደግፋለሁ፤ አንድ ጥንቃቄ ግን ይጨመርበት። ለምርመራ የሚወሰደው የጆሮ ናሙና ወይም ጸጉር ነው እንጂ ኮርማው ራሱ ከበረት በረት አይዘዋወርም። እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2014 በአገራችን አሳማዎች ላይ የተገኘው የአፍሪካ አሳማ ትኩሳት ቫይረስ ቀድሞ ያልታወቀ ዓይነት ሆኖ 23ኛ ተብሎ መመዝገቡን አትርሱ። ለበሽታው በእጃችን ክትባት የለም።

ገንዘብ ያዥ

የምርመራው ወጪ ከገባ የድጋፍ ሰጪው ጣሪያ ይታለፋል፤ ስለዚህ ከሁለት አንዱ ይቀንስ። በመጨረሻው የእርግዝና ወር ለወላዶች የታሰበው ተጨማሪ መኖ ትልቁ ወጪ ነው። እሱን ካወጣነው ይበቃል።

አባል፣ ዱከም

የሆዱን ግልገል የሚመግበው እኮ እሱ ነበር።

የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ሐሙስ ከሰዓት

አብላጫው ድምፅ ለምርመራው ስለ ሰጠ ረቂቅ ቁጥር 3 እንደሚከተለው ተስተካክሏል። ርእሱ «የአባላት ኮርማዎች የዘር ምዝገባና ማረጋገጫ» ሆኗል። የመኖው ክፍል ወጥቷል። የልደት ክብደትና የሙቀት ልኬቱ ምዝገባው ካለቀ በኋላ በሁለተኛው ምዕራፍ ይሠራል። በአንዲት እናት የሁለት ኮርማ ዘር የመቀላቀሉ ሐሳብም ለዚያው ምዕራፍ ተይዟል። «ድቅል» የሚለው ቃል ምርመራው እስኪወጣ በሰነዱ ውስጥ አይገባም። ነገ ጠዋት ይላካል።

አባል፣ ዱከም

ይላክ። ነገር ግን ሁለተኛው ምዕራፍ እስኪደርስ እናቶቹ አይጠብቁንም፤ የእኔ ሁለቱ በመጪው ሳምንት ይወልዳሉ። በዱከምና በቢሾፍቱ ያላችሁ በየቤታችሁ ባለው ሚዛን መዝኑልኝ፤ እንገር ሳይጠቡ፣ እትብቱ ደርቆ ሳይወድቅ፣ ወንድና ሴቱን ለይታችሁ። የሞተውንም መዝኑት፤ ሰዓቱንም ጻፉ። የደብተሬን ሠንጠረዥ ፎቶ አንሥቼ ማታ እለጥፈዋለሁ፤ የአባቱን ዝርያ የሚጠይቀውን ዐምድ ለጊዜው ባዶ ተዉት።

አባል፣ ቢሾፍቱ

ከእኔ በረት በዚህ ወር አምስት ይወልዳሉ። ሠንጠረዡን ላኪልኝ።