የአጎቴን መኪና የወረወረው ቶርኔዶ፦ መዝገቡን ከየት ላግኝ?

አጎቴ አሜሪካ፣ ቴክሳስ ውስጥ ዳላስ አጠገብ፣ ጋርላንድ ከተማ ይኖር ነበር። አንድ ምሽት ከሥራ ሲመለስ ቶርኔዶ (እየተሽከረከረ የሚመጣ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ) ከነመኪናው አንስቶ ወረወረው። ተርፏል። ግን ስለዚያ ምሽት አንድም ቀን በወጉ አላወራም። አምና አረፈ። አሁን ሴት ልጁ "አባቴ የት ጋ ነው የወደቀው?" እያለች ትጠይቀኛለች።

ፍለጋውን የጀመርኩት ተሳስቼ ነው። እናቴ "ታኅሣሥ 2008 ነው" ስትለኝ የፈረንጆቹን 2008 ሳገላብጥ ሁለት ሳምንት ፈጀሁ። ለካ በእኛው አቆጣጠር ነው! ታኅሣሥ 16 ቀን፣ በነሱ ዲሴምበር 26 ቀን 2015፣ የፈረንጆች ገና ማግስት።

ቀኑ ከታወቀ ወዲያ ቀለለ። ቶርኔዶው ኢኤፍ-4 ነበር (ከ0 እስከ 5 ባለው የቶርኔዶ ጉልበት መለኪያ ሁለተኛው ከባድ ደረጃ)፤ የነፋሱ ፍጥነት በሰዓት 290 ኪሎ ሜትር ገደማ ተገምቷል። 10 ሰው ሞቷል። አብዛኞቹ መኪና ውስጥ የነበሩ ናቸው፣ አይ-30 የሚባለው አውራ ጎዳና እና የጆርጅ ቡሽ አውራ ጎዳና በሚገናኙበት አካባቢ። የአየር ሁኔታ መዝገቡ ላይ የተረፉ ሰዎች ስም ግን የለም።

እጄ ላይ ያለው የተጨፈለቀች ቶዮታ ካምሪ ፎቶ ብቻ ነው። የታርጋዋ የመጨረሻ ሦስት ቁጥሮች ይነበባሉ። ለአንድ መሥሪያ ቤት ብጽፍ "የሪፖርት ቁጥር አምጪ" አሉኝ። ኢንሹራንሱ የየትኛው ድርጅት እንደነበረ የሚያውቅ ዘመድ የለም።

የሪፖርት ቁጥር ሳይኖራችሁ፣ በስም፣ በቀንና በጎዶሎ ታርጋ ብቻ ቴክሳስ ውስጥ የድሮ የመኪና አደጋ መዝገብ ያስወጣችሁ ካላችሁ፣ ለማን ምን ብላችሁ ጻፋችሁ?