አፕ፣ ከባዱ ብርድ ልብስ ወይስ ባለሙያ? ለጭንቀት ጥቆማ እፈልጋለሁ

ሌሊት ዘጠኝ፦
ሰላም ለሁላችሁ። መሥሪያ ቤት ሰው ተቀንሶ የሦስት ሰው ሥራ እኔ ላይ ከወደቀ ወራት አለፉ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ብንን እላለሁ። ልቤ ድምፁ ተዘግቶ ኪስ ውስጥ እንደሚንዘረዘር ስልክ ይሆናል። ከዚያ እስኪነጋ የነገውን ኢሜይል በጭንቅላቴ ስጽፍና ስሰርዝ ነው የማድረው። አቅሜ የሚችለው አንዱን ብቻ ነው። የአተነፋፈስ አፕ የዓመት ክፍያ፣ ከባዱ ብርድ ልብስ (ሆን ተብሎ ክብደት የተጨመረበት) ወይስ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋ ጥቂት ቀጠሮ? የሞከራችሁ ብቻ መልሱልኝ። «አትጨነቂ» የሚለውን ምክር ቤተሰቤ በበቂ ሁኔታ አቅርቦልኛል።

ጥቅልል፦
ብርድ ልብሱን! ዓይንሽን ጨፍነሽ ግዢው። እኔ ባለ ሰባት ኪሎው ነው ያለኝ፤ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ስገባበት ሰው ያቀፈኝ ይመስለኛል። ሌላው ሁሉ ገንዘብ መጨረስ ነው።

ወረፋ ጠባቂ፦
ባለሙያ ጋ እንዳትሄጂ። እኔ ሄጄ አይቼዋለሁ፤ የት እንደሆነ አልናገርም። 40 ደቂቃ ተቀመጥን፣ ግማሹን ሰውዬው ስልኩን ሲያይ ነበር። ስለ አለቃዬ እየነገርኩት ድንገት ቀና ብሎ «ልጅህ ስንት ዓመቱ ነው ያልከኝ?» አለ። ልጅ የለኝም። ሲጨርስ ወረቀት ላይ «ዘና ማለት» ብሎ ጻፈና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረበት። ወረቀቱ እስካሁን አለኝ።

ጫጫታ፦
ሁለት ጊዜ ካሰመረበትማ ከበድ ያለ ሕክምና ነው።

የቤት ልጅ፦
እኔንም አንዷ ልክ እንደዚህ አድርጋኛለች! ስሜን ሦስት ጊዜ አሳስታ ጠራችኝ። ከዚያ ወዲህ እግሬን አላነሳሁም።

የኮሪደር መብራት፦
ወረፋ ጠባቂ፣ አንድ ፀጉር አስተካካይ ስላበላሸብህ ፀጉርህን መቆረጥ ተውክ?

ወረፋ ጠባቂ፦
አዎ። ትከሻዬ ላይ ደርሷል።

ሰባተኛ ፎቅ፦
እኔም ሌሊት እነቃለሁ። የኔ ምክንያት ግን የባለቤቴ ማንኮራፋት ነው። የጆሮ መድፈኛ ሞክሪ። የሰሙን ሳይሆን የስፖንጁን።

ተረኛዋ፦
ነርስ ነኝ፤ ስለዚህ ትንሽ ላርዝመው። ሦስቱን እንደ ዕቃ አወዳደርሻቸው እንጂ አንድ ሥራ አይሠሩም። አፑ የሚያለማምድሽ ቀስ ብሎ መተንፈስን ነው። በደቂቃ ስድስት ጊዜ ገደማ፣ የሚወጣው ከሚገባው ረዘም ብሎ። ለዚያ ክፍያ አያስፈልግሽም፣ ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት ይበቃል። ብርድ ልብሱ አንዳንድ ሰው እንቅልፍ እንዲወስደው ያግዛል፤ ማስረጃው ግን ስስ ነው። ጭንቀቱን ራሱን በማከም በደንብ የተፈተሸው ሲቢቲ የሚባለው የንግግር ሕክምና ነው። ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 16 ቀጠሮ ይወስዳል፣ የቤት ሥራም አለው። ሲያስፈልግ መድኃኒት ይጨመርበታል።

ከመክፈልሽ በፊት ጋድ ሰባት (GAD-7) የሚባለውን የጭንቀት መለኪያ መጠይቅ ሙዪ። ሰባት ጥያቄ ነው። ስላለፉት ሁለት ሳምንታት ይጠይቃል፣ የሚታሰበው ከ21 ነው። 10 እና ከዚያ በላይ ከመጣ ሐኪም ይይሽ። ታይሮይድሽንም፣ አንገት ላይ ያለውን እጢ፣ ያስመርምርሽ። ታይሮይድ ከልክ በላይ ሲሠራ ልብ ያስደልቃል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ብዙ ሰው ጭንቀት ነው ብሎ ዝም ይላል። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ቀጠሮ አይጠበቅም፣ የዚያኑ ቀን ነው የሚኬደው።

ጥቅልል፦
ማስረጃው ስስ ነው? ብርድ ልብሱ ወፍራም ነው። ሁለት ዓመት የተኛሁበት እኔ ማስረጃ ካልሆንኩ ማን ሊሆን ነው?

ጫጫታ፦
ይኸው ጥናቱ ታተመ። ተሳታፊ፦ አንድ። ውጤት፦ ተኝቷል።

ግማሽ ኪኒን፦
እኔን የረዳኝ መድኃኒት ነው፤ ሰርትራሊን። ማንም ያልነገረኝን ልንገርሽ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ባሰብኝ። ልጥለው ነበር። በአምስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ጥርሴን እየቦረሽኩ ሌሊቱን ሙሉ እንደተኛሁ ገባኝ። ቆሜ ቀረሁ።

የቤት ልጅ፦
ጎረቤቴ ዲያዜፓም ሰጥታኝ ነበር፤ ወዲያው ነው የሚያስተኛው። ለምን ይሄን ያህል ትለፋላችሁ?

ተረኛዋ፦
በጎረቤት ትእዛዝ የሚወሰድ አይደለም፣ እባክሽ። ቶሎ ይሠራል፣ ቶሎም ያስለምዳል። ብዙ ጊዜ የወሰደ ሰው በአንዴ ሲያቆመው የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊያመጣበት ይችላል። ከሐኪም ጋር ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው። ግማሽ ኪኒን ያለው ልክ ነው፤ ሰርትራሊንና መሰሎቹ ሳምንታት ይፈልጋሉ።

ወረፋ ጠባቂ፦
እሺ፣ ስነጫነጭ ብቻ እንዳልውል አንድ የሠራልኝን ልንገርሽ። ባልደረባዬ ነው ያሳየኝ። ማታ፣ ከመኝታ ራቅ ባለ ሰዓት፣ ለመጨነቅ 15 ደቂቃ ቀጠሮ ትይዣለሽ። ደብተር ላይ ሁሉንም ትጽፊያለሽ። ከፊቱ «ነገ የማደርገው ነገር አለ» ወይም «የለም» ብለሽ ትለያለሽ። ሌሊት ሲቀሰቅስሽ «ቀጠሮህ ነገ ማታ ነው» ትይዋለሽ። መጀመሪያ ላይ ሞኝ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። እኔ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው የማደርገው። አሁን አንዳንዴ ሰዓቱ ደርሶ የምጨነቅበት ይጠፋኛል።

ጫጫታ፦
ከሥሩ ሁለት ጊዜ ታሰምርበታለህ?

ወረፋ ጠባቂ፦
አንድ ጊዜ።

የኮሪደር መብራት፦
እና ሁለተኛ ባለሙያ አትሞክርም ማለት ነው?

ወረፋ ጠባቂ፦
መጀመሪያ ፀጉሬን ልቆረጥ።

ሌሊት ዘጠኝ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መጠይቁን ሞላሁት፣ 13 መጣ። ጥቅልል፣ ያ ብርድ ልብስ በማሽን ይታጠባል?

ተረኛዋ፦
13 መካከለኛ ነው። ቀጠሮ ያዢ፣ እህቴ። ብርድ ልብሱ የትም አይሄድም።

ጥቅልል፦
ሽፋኑ ብቻ ነው የሚታጠበው። ውስጡን ማሽን ውስጥ እንዳትከቺ፤ እኔ ከትቼ ማሽኑ ከግድግዳው ተነስቶ በር ድረስ መጥቷል።

ሰባተኛ ፎቅ፦
የስፖንጁን ነው ያልኩሽ። የሰሙን እንዳትገዢ።