መንታ የሆነ ግራቪላ አቆራረጡ ቸግሮኛል፤ እባካችሁ እርዱኝ

አዘዞ ግቢያችን ያለው ግራቪላ ከመሬት 2 ሜትር ላይ መንታ ሆኗል። ወደ ቆርቆሮው ያዘነበለው ግንድ ውፍረቱ 20 ሳንቲሜትር ነው። ለተራ ቅርንጫፍማ መላው ይታወቃል፦ ከግንዱ 30 ሳንቲሜትር ርቆ ከሥር ሲሶውን መጋዝ፣ ትንሽ ወጣ ብሎ ከላይ ቆርጦ መጣል፣ ቀሪውን ጉቶ እብጠቱን (ቅርንጫፉ ከግንዱ የሚገናኝበትን ያበጠ ቦታ) ሳይነኩ ማንሳት። ከሥር ካልተጀመረ ሲወድቅ የግንዱን ልጥ ገሽልጦ ይወርዳል። እዚህ ግን እብጠቱ የለም፤ ልጡ በመንታዎቹ መካከል ወደ ውስጥ ታጥፎ ገብቷል፣ ስንጥቁም ውሃ ይቋጥራል።

የመጨረሻውን ቁርጥ እንዴት አድርጌ ላዘንብለው? ወይስ ክረምት ሳይገባ እስከ ጎን ቅርንጫፉ አሳጥሬ ክብደቱን ልቀንስና ቀሪውን ለከርሞ ላቆየው? አናቱን መጨፍጨፍ አልፈልግም፤ በኋላ የሚያቆጠቁጠው ቀምበጥ አያያዙ ስለማይጸና ነፋስ ይገነጥለዋል።