አባቴ በ49 ዓመቱ በልብ ሞተ፣ እኔስ?

የበኩር ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁም። 36 ዓመቴ ነው። አባታችንን በ49 ዓመቱ በድንገት አጣነው፣ የልብ ደም ሥሩ ተዘግቶ ነው የተባለው። እናቴ ደግሞ ስኳር አለባት። እኔ ቀጭን ነኝ፣ አላጨስም፣ የሚያመኝም ነገር የለም። ዘመዶቼ "እናንተ ቤት ልብ በዘር ነው፣ ምንም አታመጣም" ይሉኛል፤ ጓደኞቼ ደግሞ "አንተ ቀጭን ነህ፣ ምን ያስጨንቅሃል" ይላሉ። የቱን ልመን? አባቴ የሞተበት ዕድሜ እየቀረበ ሲመጣ ይህን እያሰብኩ የማላድርበት ሌሊት የለም።

ነርስ ነኝ፦
ወንድሜ፣ ነፍስ ይማር። ሁለቱንም አትስማ። የቤተሰብ ታሪክ ሲጠየቅ ትልቁ ነገር "ማን ታመመ" ሳይሆን "በስንት ዓመቱ" ነው። አያት በ82 ዓመታቸው በልብ ቢሞቱ ለልጅ ልጅ ብዙም አያሳስብም። አባት ወይም ወንድም ከ55 ዓመት በፊት፣ እናት ወይም እህት ከ65 በፊት በልብ ከታመሙ ግን የአንተም አደጋ ከፍ ይላል። አባትህ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ስለዚህ ቅጥነትህ ዋስትና አይሆንም፣ ግፊት፣ ስኳርና ኮሌስትሮል ተመርመር። ላይፖፕሮቲን ኤ የሚባለውን፣ ኮሌስትሮል ተሸክሞ በደም ውስጥ የሚዞረውን ቅንጣትም እንዲለኩልህ ጠይቅ። መጠኑ በአብዛኛው በዘር የሚወሰን ስለሆነ አመጋገብ ብዙም አይለውጠውም፣ ለአብዛኛው ሰው በዕድሜ አንዴ መለካቱ ይበቃል፤ ከተለመደው የኮሌስትሮል ምርመራ ጋር ስለማይሠራ ግን ካልጠየቅክ ሊታለፍ ይችላል።

ሦስት እህትማማቾች፦
"ቀጭን ነኝ" ያልከው ነው የነካኝ፣ እኔም ቀጭን ነኝና። በ31 ዓመቴ መጥፎው ኮሌስትሮል፣ ኤልዲኤል የሚባለው፣ 236 ሆኖ ተገኘ። መጀመሪያ ያየኝ ሐኪም "ቅባት ቀንሺ" ብሎ ሸኘኝ። ቀነስኩ። ከስድስት ወር በኋላ 221። ሌላዋ ሐኪም የእናቴ ወንድም በ44 ዓመቱ በልብ መሞቱን ስነግራት ከተረከዜ በላይ ያለውን ጅማት ዳበሰችው፤ ኮሌስትሮል ተጠራቅሞበት ወፍሯል። "ይሄ ከምግብ የመጣ አይደለም" አለችኝ። ለካ በዘር የሚተላለፍ ነው፤ ጉበት መጥፎውን ኮሌስትሮል ከደም የሚለቅምበት መያዣ በደንብ አይሠራም፣ ከ250 ሰው አንዱ ገደማ አለበት። አንዱ ወላጅ ካለበት እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ከሦስታችን ሁለታችን ወርሰናል፣ እናታችንም እኛን ተከትላ ስትመረመር ተገኘባት። አሁን ስታቲን የሚባለውን ኮሌስትሮል የሚቀንስ መድኃኒት እወስዳለሁ፣ ኤልዲኤሌ 94 ነው። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ፣ አጎቴ ሲሞት ሁላችንም ለቅሶ ተቀምጠን ሳለ አንድ ሰው እንኳ "የቀራችሁት ተመርመሩ" አለማለቱ ነው። ከ190 በላይ ካሳየህ "ምግብ ነው" ተብለህ አትመለስ።

የስኳር ልጅ፦
የእናትህን ስኳር ማንም አላነሳም። ዓይነት ሁለት ስኳር በአንድ ጂን አይመጣም፣ ብዙ ትናንሽ የዘር ልዩነቶች ተደማምረው ነው፤ በዚያ ላይ አንድ ቤት ያደገ ሰው አበላልና አኗኗርም ይወርሳል። የደም ስኳርን የሦስት ወር አማካይ የሚያሳየው ምርመራ ከ5.7 እስከ 6.4 በመቶ ካሳየ ቅድመ ስኳር ነው፣ ምንም ሳያምህ። እኔ 6.1 ነበርኩ፣ እናትም አባትም ስኳር ያለባቸው ልጅ። ተስፋ የሰጠኝ በፈረንጆቹ 2002 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ነው፦ ለስኳር የቀረቡ ሰዎች በሳምንት 150 ደቂቃ እየተንቀሳቀሱ ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱ ሲደረግ በስኳር የመያዝ አደጋቸው በ58 በመቶ ወረደ፣ ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር መድኃኒት የወሰዱት ግን በ31 በመቶ። አንተ ክብደት መቀነስ ላያስፈልግህ ይችላል፣ ወገብህን ግን ለካ። ሆድ ውስጥ የሚጠራቀም ስብ ቀጭን ሰውም ላይ አለ።

የበኩር ልጅ፦
ተባረኩ። ትናንት እናቴን ቁጭ ብዬ ጠየቅኳት፤ የአባቴ እህትም በ58 ዓመቷ ልቧን ታማ ተኝታ ነበር አለችኝ፣ በዚህ ዕድሜዬ ገና መስማቴ ነው። ለታናሽ ወንድሜ ደውዬለታለሁ። ሰኞ ጠዋት ቁርስ ሳንበላ አብረን ደም እንሰጣለን።